ከአንዷ ቤት በቀር ሁሉም ጋ ብሉ

ድንበሩ ላይ ወዳለችው ከተማችን ወደ ሄሉ የመጣ እንግዳ "የት ልብላ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰው የሚጠቁመው ወደ እኔ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና የወጥ ቅመም አዘጋጅቼ በየምግብ ቤቱ እያዞርኩ የምሸጥ ሴት ነኝ። በዚህ ሥራ የማላውቀው ጓዳ የለም። ማን አንዱን ዘይት ሦስት ቀን እንደሚጠብስበት፣ ማን ደግሞ ድስቱን ከፊቱ አብልጦ እንደሚያጥብ አውቃለሁ። ስለዚህ አዲስ የተመደበ አስተማሪ፣ ከናይሮቢ ጭኖ የመጣ ሾፌር፣ ከወዲያኛው፣ ከሀገሬ ሞያሌ ኬላውን ተሻግሮ ለገበያ የመጣ ነጋዴ፣ ሁሉም "ማማ፣ የቱ ይሻላል?" ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስነግር ግን አንዲት ቤት ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

ቂም ነው? አዎ፣ ቂም ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

የምልክባቸው ቤቶች ግን በእውነት ጥሩ ናቸው፤ በእንግዳ ሆድ አልቀልድም። ለቁርስ ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው የሶማሌ ሴት ትሻላለች። አንጄሮ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን በጉበት ጥብስ ታቀርባለች። ሴትዮዋ ወሬ አትወድም። ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ቁርሱ ሲያልቅ "አለቀ" ብላ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች፣ የሚለምናት ቢኖር እንኳ አትመለስም። ለምሳ ሩዝ ስታወጣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንድ ሙዝ ታኖራለች። ሙዙ ከሩዙ ጋር እየተገመጠ የሚበላ ነው። አዲስ የመጣ ሀበሻ ግን ምርቃት መስሎት ኪሱ ይከተዋል። ስንቱን ሾፌር ሱሪውን በሙዝ አበላሽቶ አይቼዋለሁ፤ አስቀድሜ አልነግራቸውም፣ ሳቅ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደግሞ ከሜሩ የመጣች ሴት አለች። ጊዘሪ የሚባለውን የበቆሎና የቦሎቄ ቅቅል በትልቅ ብረት ድስት ትቀቅላለች። አስተማሪዎችና ፖሊሶች አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይበላሉ። ስለ ምርጫ ማውራት የጀመረ ሰው ካለ ጭልፋዋን አንስታ "ሲያሳ ውጪ!" ትላለች። ሲያሳ ፖለቲካ ነው። አንድ ጊዜ አንዱን ባለሥልጣን ከነሳህኑ አስነስታ ውጪ አስበልታዋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅመም ስሸጥላት ሚዛኑን ትንሽ ወደ እሷ አጋድልላታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለው ሰው ወደ ጎልቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የፍየል ጥብስ ቤት ይሂድ። ሥጋው በእንጨት ገበታ ላይ ተከትፎ፣ ጨው በጎን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በጎን ሆኖ ይቀርባል። ግራር ሥር ተቀምጠህ የሚያልፉትን ግመሎች ስትቆጥር ፀሐይዋ ትወርዳለች። እኔ ሥጋውን አልቀምስም፤ አራጁ እስላም ነው። ባለቤቱም የእኛ አራጅ ያረደውን አይቀምስም። በዚህ ተቀያይመን አናውቅም። እንዲያውም ስመጣ "ማማ፣ ላንቺ እንቁላል ነው" ብሎ ከተለየ መጥበሻ ይሠራልኛል። እዚህ ከተማ ሰው የሚተዋወቀው በማይበላው ነገር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እንግዲህ የማልጠራት ቤት የሞተር ብስክሌቶቹ ማቆሚያ አጠገብ፣ ከትልቁ የኒም ዛፍ ሥር ናት። እውነቱን ከተነጋገርን በሄሉ ውስጥ ከሁሉ የሚጥመው የወተት ሻይ እዚያ ነው። ጥላውም እንደዚያ ያለ የለም። ቆርቆሮ ቤቶቹ ሁሉ እንደ ምጣድ ሲግሉ እዚያ ነፋስ ይገባል። ይህን የማውቀው ሻዩን ማፍላት ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ቤቱም የእኔ ነበር።

ከሀገር የወጣሁት መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ። ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ካሳለፍኩ በኋላ ወደ ድንበሩ ተመለስኩ፤ ወደ ሀገሬ ለመግባት ልቤ አልደፍር፣ ከሀገሬ ለመራቅም አልቆርጥ ብሎ ሄሉ ላይ ቀረሁ። ከአንድ የቦረና ሽማግሌ ያችን የኒም ሥር ቤት ተከራይቼ ሻይ ማፍላት ጀመርኩ። ስዋሂሊ ገና እየተማርኩ ነበር፤ ከሁሉ የወደድኩት ቃል "ታሙ" ነው። ጣፋጭ ማለት ነው። ደንበኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ "ቻይ ታሙ፣ ማማ!" ሲለኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣ ነበር። እናም ቆርቆሮ አስቆርጬ፣ ቀለም ቀቢ ጠርቼ፣ በእኛው ፊደል "ሻይ ታሙ" አስጻፍኩና ከበሩ በላይ ሰቀልኩት።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። እንደኔው ከሀገር ወጥቶ የቀረ፣ ጾም የማይስት፣ ቀልድም የማይስት ሰው። ከስፌት መኪናው ተነስቶ መጣ፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበና "እመቤት፣ እነማን ናቸው የታሙት?" አለኝ።

"በስዋሂሊ ነው" አልኩት።

"ፊደሉማ የኛ ነው። ሐሜት በር ላይ ሰቅለሽ ደንበኛ ትጠሪያለሽ? ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ተጠንቀቂ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሻዩን እኔ ዘንድ ጠጣ፤ ሲገባም "እንደምን አደሩ፣ የታሙት?" ይለኝ ነበር።

ሁለት የወተት ጄሪካን ነበረኝ። ሰማያዊ ክዳን ያለው የላም ነው፤ ከጎዶማ የምትመጣ ሴት ታቀርብልኛለች። ቢጫ ክዳን ያለው የግመል ነው፤ ከጎልቦ ይመጣል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ሶማሌው የግመሉን ይወዳል። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ደግሞ የግመል ነገር ሥጋውም ወተቱም እርም ነው። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ሁለት፣ ማጥለያው ሁለት፣ ብርጭቆው እንኳ የተለየ። ጠዋት አንድ አግዳሚ ላይ ቄስና ሼክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጠጡ ማንም ብርጭቆውን አያሸትም ነበር። በክዳኖቼ ታምኜ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው በዚያ ዘመን ነው። ልጅቷ እላታለሁ እንጂ ያኔም የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ከወዲያ ተሻግራ ሥራ ፍለጋ መጣች፤ አስጠጋኋት። ዝንጅብሉ መቼ እንደሚገባ፣ ሻይ ቅጠሉ ስንት ጊዜ ገንፍሎ እንደሚወርድ፣ የሄል ፍሬ በጥርስ ሳይሆን በሙቀጫ እንደሚሰበር አሳየኋት። "እትዬ" ትለኛለች፣ "እርስዎ" ትለኛለች፣ ውኃ ስታቀርብልኝ ሁለት እጇን ታጣምራለች። እውነት ለመናገር ወደድኳት። እጇ ሻይ ያውቅ ነበር።

አንድ በጋ ድርቅ ሆነ። ከብቱ ሣር ፍለጋ ርቆ ሄደና የጎዶማዋ ሴት ቀረች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰማያዊው ክዳን ሥር ጠብታ የለም፣ አግዳሚው ላይ ዐሥር ሰው ተቀምጧል። ቀይ ሻይ ማቅረብ ነበረብሽ ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ግን ደንበኛዬ ሌላ ቤት እንዳይለምድብኝ ፈራሁ። ልጅቷ ጠጋ ብላ "እትዬ፣ ከቢጫው ላፍላ እንዴ? ማን ያውቃል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሷ አፈላች። "ጨው ጨው እንዳይል ዝንጅብል ልጨምርበት" ብላ የጨመረችውም እሷ ናት። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግን። በአራተኛው ቀን የጎዶማዋ ሴት ከየት አምጥታ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ የላም ወተት ይዛ መጣች።

ይኸውላችሁ፣ ተናገርኩት። ሐሜቱ እውነት ነበር። ሰው በሐሰት ሲታማ ቢያንስ አንገቱን ቀና አድርጎ ይምላል፤ እኔ ግን ይህ እንኳ አልነበረኝም።

በዓመቱ ልጅቷ "የራሴን ልሞክር" ብላ ከመንገዱ ማዶ ትንሽ ቤት ከፈተች። መርቄ ሸኘኋት፤ ሁለት ብርጭቆም ሰጠኋት። ወር ሳይሞላት አንዱ ሾፌር የሻዩን ሒሳብ ሊከፍል ሲል ፊቱ ተቀይሮ ቆመ። "የግመል ነው ያጠጣሽን የሚባለው እውነት ነው?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ከኒሙ ጀርባ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ፤ የዓመት በፊቱን ሻይ ሊያስመልስ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው መጣ። በዚያን ቀን "የታሙት" አላለኝም። ቆሞ "እውነት ነው?" ብቻ አለ።

"ማርያምን ውሸት ነው" አልኩት።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ያመነኝን ሰው ፊት ለፊቱ እያየሁ በሐሰት ማልኩ። እሱም አመነኝ። አምኖኝ ግን ነገሩን ሊያበርድልኝ መንገዱን ተሻገረና ልጅቷን ጠየቃት። እሷም ደንበኞቿ ሁሉ በተቀመጡበት "በዓይኔ አይቻለሁ" አለችው።

አይቻለሁ አለች። አፍልቻለሁ አላለችም። ዘጠኝ ዓመት የተንገበገብኩት በዚህች አንዲት ቃል ነው። ያየ ሰው ንጹሕ ነው፤ ያፈላ ሰው ግን ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ክርስቲያኖቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሟጠጡ። እስላሞቹም ቀነሱ፤ በወተት የዋሸች በሌላም ትዋሻለች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። አግዳሚዬ ላይ ድመት መተኛት ጀመረች። ቤቱን ለሽማግሌው አስረክቤ ስወጣ ቁልፉን ለእሷ እንደሚሰጣት አላወቅኩም ነበር። ዕቃዬን አንስቼ ልጨርስ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ማንቆርቆሪያዬን ዘርግታ "እትዬ፣ ይቺን ረስተሻል" አለችኝ። ረስተዋል አላለችም። በዚያች ቅጽበት ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረድኩ። ታፔላዬንም አላወረደችውም። ስሙ በስዋሂሊ ጣፋጭ ነዋ! እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በአማርኛ አነበዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅመም ሻጭ ሆንኩና በቀሌን ጀመርኩ። ትንሽ በቀል ናት፤ ግን በየቀኑ ትሠራለች። ለሄሉ ምግብ ቤት ሁሉ ስሸጥ ለሷ የለኝም። እንግዳ ሲጠይቀኝ ወደ ሶማሌዋ፣ ወደ ሜሩዋ፣ ወደ ጎልቦ መንገድ እልካለሁ። ሻይ ብቻ የፈለገ ሰው ከመጣ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ላይ ተቀመጥ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ያገኝሃል እላለሁ። በደጇ ሳልፍ ፀሐይዋ በየትኛውም በኩል ትሁን ዣንጥላዬን ወደ እሷ አጋድማለሁ። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ የለኝም፤ እሷ እንድታይ ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ዣንጥላ የቀኝ ትከሻዬን ፀሐይ ጠበሰው።

እግዜር ግን የዘገየ ይመስላል እንጂ አይረሳም።

ዘንድሮ እንደገና ደረቀ። አንድ ጠዋት የቀሚሴን ጫፍ ላስጠቅም ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁ። ሰላምታችን ቀርቶ አያውቅም፤ ቀልዱ ነው የቀረው። አሁን አርጅቷል፣ ጆሮውም ከብዷል፤ ሻዩን ከጎረቤት፣ ከኒሙ ሥር ያስመጣና ሥራ ላይ ይረሳዋል። የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ የቀዘቀዘ የወተት ሻይ ተቀምጧል። ዓይኔ ብርጭቆው ላይ ወደቀና ቀረ።

የላም ወተት ያለበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ፊቱ ላይ ስልባቦት ይሠራል፤ በጣት ብታነሳው እንደ ስስ ላስቲክ ይሳባል። የግመል ወተት አይሠራም። የብርጭቆው ፊት ልሙጥ ነበር። አንስቼ አሸተትኩት። ዝንጅብሉ በዝቷል። ጨው ጨው እንዳይል።

"ጠጪው፣ እኔማ ረስቼዋለሁ" አለኝ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።

በማግሥቱ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄድኩ። ከጎልቦ የመጣችው የወተት ሴት ባለ ቢጫ ክዳን ጄሪካኖቿን ታወርዳለች። የላም ወተት የፈለግኩ መስዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ፦ "ሎን ሂንጅሩ፣ ማማ። ከብት የለም። አናን ጋላ፣ የግመል ወተት ብቻ ነው።" ከዚያ ሁለቱን ጄሪካን ተሸክማ ቀጥታ ወደ ኒሙ ሥር አመራች። እዚያ ስትደርስ ልጅቷ በጓሮ በር ተቀበለቻትና ሰማያዊ ክዳን ወዳለው ባልዲ ገለበጠችው።

ያን ዕለት ከእኔ በላይ ሀብታም ሰው ሄሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ቃል ለልብስ ሰፊው፣ አንድ ቃል ለሾፌሮቹ፤ አለቀላት። ምላሴ ላይ ነበረ። መንገድ ላይ ሁለት ሰው አስቁሜ ልናገር አፌን ከፍቼ ስለ በርበሬ አውርቼ ለቀቅኳቸው። አንዴ ከተናገርኩት ያልቃል ብዬ ሳሳሁ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን ድግስ በአንድ ጉርሻ ልጨርሰው?

ማክሰኞ ጠዋት ገባሁ። ደፉን ስረግጥ አግዳሚው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የእኛን ነገር የማያውቅ የለም። ልብስ ሰፊው ካረጀ ወዲህ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚህ መቀመጥ ለምዷል፤ አየኝና መነጽሩን ጠረገ። ከምድጃው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

"ሻይ በወተት" አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። "የላም።"

ቀና ብላ አየችኝና ማንቆርቆሪያውን አነሳች። አመጣችልኝ። አልጠጣሁም። ብርጭቆውን ፊቴ አስቀምጬ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅኩት። እሷ ለሌላ ሰው እየቀዳች ዓይኗ ወደ እኔ ብርጭቆ ነው። ስልባቦት እየጠበቅኩ እንደሆነ ገባት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቆዳ ሳይለብስ ቀዘቀዘ። ያኔ ቀና ብዬ አየኋትና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።

"እንዴት ነው?" አለ አንዱ ሾፌር፣ ባዶውን ብርጭቆ እያየ።

"ታሙ" አልኩ።

ልብስ ሰፊው ይህችን ሰማ፤ የድሮ ቀልዱ ትዝ አለውና እስኪያስለው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ሰምታዋለች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሄድኩ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እቀራለሁ፤ በእነዚያ ቀናት በቀሌም አብሮኝ ይጾማል። በሌሎቹ ቀናት እቀመጣለሁ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፣ አያታለሁ፣ እጠጣለሁ። ነፍስ አባቴ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ አላጣሁትም። ያቺ የሐሰት መሐላም እስካሁን ስላልተነገረች አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ አቆይቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆውን ስታስቀምጥልኝ "እትዬ፣ ልድገምዎት?" አለችኝ። ልድገምዎት! ዘጠኝ ዓመት ርቃ የሄደችው እርስዎ በአንድ ሳምንት እየሮጠች ተመለሰች።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጀመርኩ። እንግዳ ሲጠይቀኝ ወደ እሷ መላክ ጀመርኩ። አዲሱ አስተማሪ "ማማ፣ ሻይ የት ይሻላል?" ሲለኝ "ኒሙ ሥር" አልኩት፣ በራሴ አፍ። ከወዲያ የሚሻገሩትን ነጋዴዎች፣ ለክብረ በዓል የመጡትን ዘማሪዎች፣ ሁሉንም ላክሁ። ሰንጋ ሳይደልብ አይታረድም። ቤቷ ሞላ፤ ሁለት አግዳሚ ጨመረች። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር መስቀል በአንገቱ መኖሩን ታያለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች። ማን እንደላከው ታውቃለች። ሴት ደንበኛ ሲበዛላት ስትከሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንዲህ ሆነን ዝናቡ ጣለ። ሣሩ ወጣ፣ ከብቱ ተመለሰ። ባለፈው ሰኞ ስገባ የጎዶማዋ ሴት ባዶ ጄሪካኗን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ተላለፍን። ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ያንቀላፋል። ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሄደዋል።

ሻዬን አምጥታ አስቀመጠችና አልሄደችም። አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ብርጭቆውን እናያለን። ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ስስ ቆዳ ለበሰ።

"የላም ነው" አለችኝ።

"አየሁት።"

"ወር ከምናምን ነው የቆየው። ቸግሮኝ ነው እትዬ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው እየጠበቀ… ምን ላድርግ?"

"የኔ ሦስት ቀን ነበር" አልኳት።

መሐረቧን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል፦

"አውቃለሁ። ያፈላሁት እኔ ነኝ" አለች።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። በመጣ ጊዜ እንዴት እንደምጮህ፣ እንዴት እንደማዋርዳት፣ ሁሉንም በልቤ አዘጋጅቼው ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ልብስ ሰፊውን አየሁት፤ ነቅቷል፣ ወደ እኛ እያየ ነው፣ አፋችን ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፃችን አልደረሰውም። እሷ ያለችው ከደረሰው የኔም "ማርያምን" አብራ እንደምትጋለጥ አውቃለሁ። ትጋለጥ።

"ጮክ በይ፣ አልሰማሁም" አልኳት።

እኔማ ሰምቻለሁ። ያልሰማው ልብስ ሰፊው ነው።